የዘጠኝ ቁጥር ማሊያ

የቀበሌያችን የእግር ኳስ ቡድን ማሊያ ሰኞ ሰኞ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። እሑድ ተጫውተውበት ይታጠባል፤ ርጥበቱ ሳይለቀው በስኳር ጆንያ ታስሮ ይመጣል። የተቀደደውን እሰፋለሁ፤ ቅዳሜ ይወስዱታል። የስፌት መኪናዬ ያኔ ሶማሌ ተራ፣ የኸይረዲን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበረች። ጊዜው የ1974 ክረምት ነው። ማሊያዎቹን ከስድስት ዓመት በፊት፣ ቀበሌው ከሕብረት ሱቅ ባወጣው ቀይ ጨርቅ፣ ቆርጬ የሰፋኋቸው እኔው ነኝ።

ኳስ ሜዳ ሄጄ አላውቅም ነበር። እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሜዳ ሲወርድ እኔ ቤቴ ገብቼ ጋደም እላለሁ። ግን ስድስት ዓመት ማሊያ የሰፋ ሰው ጨዋታውን ከጨርቁ ላይ ማንበብ ይጀምራል። የበረኛ ማሊያ ክርኑ ላይ ያልቃል። የተከላካይ ብብቱ ላይ ይተረተራል። የአጥቂ ከኋላ፣ ወገቡ ላይ ይቀደዳል። የሚያመልጥን ሰው የሚይዙት እዚያ ላይ ነው።

በዚያ ክረምት የዘጠኝ ቁጥሩ ማሊያ በየሰኞው ከኋላ ተቀድዶ መጣ። ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ነው። አንድ ሰኞ ስሰፋው ጀማለዲን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ያያል።

ጀማለዲን ደላላ ነው። ሱቅ የለውም፤ አፉና እግሩ ናቸው ሱቁ። ኩሽኔታ ያጣ ሾፌር ሲመጣ ኩሽኔታው ሶማሌ ተራ ውስጥ ማን መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያውቃል። «ኦሪጅናል ነው» ካለ ኦሪጅናል ነው። በዚህ ቃሉ ነው የሚኖረው። በዚያ ዘመን ደላላ የሚለው ስም ጮክ ተብሎ የሚነገር ስላልነበረ ራሱን «አገናኝ ነኝ» ይላል። ከዕቃ ሌላ ሰውም ያገናኛል፤ ሾፌር ለጭነት መኪና፣ መካኒክ ለጋራዥ። ከጊዜ በኋላ ኳስ ተጫዋች ጨመረ። ፋብሪካዎቹ ሁሉ ቡድን ነበራቸው። ተጫዋች ስለተጫወተ ደመወዝ የለውም፤ ጥበቃ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ተብሎ ይቀጠርና ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታል። ጥሩ ተጫዋች ቋሚ ሥራ ያገኛል ማለት ነው። ጀማለዲን ሁለት በረኞች በዚህ መንገድ አስቀጥሯል። አንድ አሰልጣኝም ጋራዥ ቡድን አስገብቶ ነበር። ሰውየው በሦስተኛው ወር ከተጫዋቾቹ ጋር ተጣልቶ ቢወጣ ጀማለዲን ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ አስታርቆ መለሰው። ከዕቃ ይበላል፤ ከሰው አይበላም። ለምን እንደሚደክም ሲጠየቅ «ሲያልፍላቸው ማየት ደስ ይለኛል» ይላል። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁበትም።

«ይሄ የማነው ጋሼ ካሳ?» አለኝ።

«የዘጠኝ።»

«ባለፈው ሰኞም እዚችው ጋ ተቀድዶ አልነበር?»

«ነበር።»

«ምን ማለት ነው?»

«ይይዙታል ማለት ነው።»

«ስለሚያመልጣቸው?»

«ካላመለጣቸው ለምን ይይዙታል?»

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ጀማለዲን ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ሄደ። እሱም እንደ እኔ ኳስ አይቶ አያውቅም፤ እሑድ የክፍለ ሀገር ሾፌሮች የሚገቡበት ቀኑ ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ቁጥሩን ይዞት መጣ። ቶላ ይባላል። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከኢንጪኒ የመጣ፣ መሳለሚያ እህል በረንዳ የሚሸከም ኩሊ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ የጆንያ ጠባሳ ያለበት። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም።

«እኔ የማናግረው ሰው ጓድ ጎበዜ ይባላል» አለው ጀማለዲን። «የክር ፋብሪካው የስፖርት ኃላፊ ነው። ካሚዮን ስፈልግለት የተዋወቅን ነን። እሑድ ሊያይህ ይመጣል። ማን አመጣህ ቢልህ?»

«ጋሼ ጀማለዲን።»

«ምንህ ነው ቢልህ?»

ቶላ አንገቱን አከከ።

«አጎቴ ነው በል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የኢንጪኒ ልጅ ነኝ።»

«የኢንጪኒ ሰው አጎት የለውም?»

ቶላ ወደ እኔ አየ። እኔ ክሬን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት ላይ ነበርኩ።

ሐሙስ ዕለት እህቱ መጣች። ፋናዬ ትባላለች፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ያሳደገችው እሷ ናት። የሚጠገን ቀሚስ ይዛ ነበር፤ ቀሚሱ ግን ምንም አልሆነም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ኖት አሉ ለጀማለዲን የነገሩት።»

«ምን ብዬ?»

«ጎበዝ ነው ብለው።»

«ማሊያው ነው ያለው።»

ቀሚሱን አጠፈችና መልሳ ዘረጋችው። የቶላ ጉልበት ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ እንደሚለው ነገረችኝ። ኩንታል ተሸክሞ የሚውል ጉልበት እሑድ ኳስ ሲጨመርበት ዓመት አይቆይም። ኳሱን ተው ብትለው አይሰማም። ሸክሙን ተው ብትለው ምን ሊበሉ ነው። የፋብሪካው ምዝገባ ደግሞ በነሐሴ ማለቂያ ይዘጋል።

«ዘንድሮ ካልገባ እግሩ ለከርሞ አይደርስም» አለች። «ጋሼ፣ እውነት ይወስዱታል?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። «ማሊያው እንደሚለው ከሆነ ይወስዱታል» አልኳት። ቀሚሷን ይዛ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ጎበዜ ራሱ ወደ በረንዳዬ መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ወፍራም ሰው ነው። ጀማለዲን ከኋላው ቆሟል። ጀማለዲን ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ምስክሬ ጋሼ ካሳ ናቸው ብሎኛል» አለ ጎበዜ። «ልጁን ሲጫወት አይተውታል?»

«አላየሁትም።»

«አንተስ?» ብሎ ወደ ጀማለዲን ዞረ።

«የታወቀ ነው እኮ ጓድ ጎበዜ።»

«አላየኸውም። እኔ ትናንት አየሁት። አምስት ጊዜ ብቻውን ሊወጣ ነበር። አምስቱንም ጊዜ ወይ ቆመ ወይ ወደቀ። ከኋላ ጎተት ሲያደርጉት ያልቃል። ዳኛውም ፊሽካ አይነፋ። የሚወድቅ አጥቂ እኔም ጋ ሦስት አሉ፤ አራተኛ ምን ያደርግልኛል?»

«አንድ እሑድ ጨምርልኝ» አለ ጀማለዲን።

«አንተ ግን ለልጁ ምኑ ነህ?»

«አጎቱ።»

«በየት በኩል?»

«በሶማሌ ተራ በኩል።»

ጎበዜ ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም። «መጪው እሑድ ሌላ ሜዳ ሁለት ልጆች የማይ አሉኝ። ከጨረስኩ ብቅ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ መዝገቡ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አባቱም ብትሆን አልሰማህም» ብሎ ሄደ።

ጀማለዲን በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ይወቅሰኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የሚመጣና የሚሄደውን ሰው ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው ብዬ ነበር» አለ። አንድ ሾፌር ከመንገድ ማዶ ጠራው፤ ተነሥቶ ሄደ።

የዘጠኝ ቁጥሩን ማሊያ ከጆንያው አወጣሁት። እንደ ወትሮው ተቀድዷል። መስፋት ጀምሬ ተውኩት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሜትሬን አወጣሁና ለካሁት። ያኔ ለማን ልክ እንደቆረጥኩት ትዝ አለኝ።

ያን ማሊያ የቆረጥኩት ለአለሙ ነበር። አለሙ የቡድኑ የመጀመሪያ ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ ሥጋ ቤት የሚሠራ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። በ1969 ዘመተና አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገረን የለም። ማሊያው ዝም ብሎ ጆንያው ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለማን እንደተሰጠ አልጠየቅሁም። በየሰኞው ቀዳዳውን እያየሁ የለባሹን ፍጥነት አነብ ነበር እንጂ ጨርቁ ራሱ ስንት እንደሆነ አልለካሁም። ለአንድ ልብስ ሰፊ ይህ ነውር ነው።

ቶላን አስጠራሁት። የእህል አቧራ ለብሶ መጣ። ማሊያውን አጥልቆ ሲቆም በግራም በቀኝም አንድ ተኩል መዳፍ ጨርቅ ተርፎ ተንጠለጠለ። ማንም ሰው ተኝቶም ቢሆን ሊይዘው ይችላል።

«እንዲህ ሆኖ ነው የምትጫወተው?»

«ነፋስ ሲመጣ ድንኳን ይሆናል ጋሼ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የጋሼ አለሙ ነው አሉኝ። እንዴት ብዬ ይጥበብልኝ ልበል?»

በጠመኔ ምልክት አደረግሁና አወለቅሁለት። የቀበሌ ንብረት ስለሆነ ጨርቁን መቁረጥ ያስጠይቃል። ባያስጠይቅም አልቆርጠውም ነበር። ትርፉን በሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ አጠፍኩና በድርብ ስፌት ያዝኩት። አለሙ ቢመጣ ተተርትሮ ይለቀቅለታል። ወገቡንም ሰብሰብ አደረግሁ። ቅዳሜ ሲወስዱት ለማንም ምንም አልተናገርኩም።

እሑድ ከስብሰባ ስንወጣ ቤቴ አልገባሁም። ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ጀማለዲንን ከመስመሩ ዳር አገኘሁት፤ ሾፌሮቹን ትቶ መጥቷል። ዝናቡ ቀጠን ብሎ ይወርዳል፤ ሜዳው ጭቃ ነው። ፋናዬም ነጠላዋን ተከናንባ እዚያው ቆማለች። ሳያዩ ተጫዋች የሸጡ ሁለት ሰዎች ከጎኗ ቆምን።

«የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?» አለ ጀማለዲን።

«ቀዮቹ» አለች ፋናዬ።

«ሁሉም ቡናማ ናቸው እኮ።»

«ጭቃው ነው። ወደዚያ የሚሮጡት የእኛ ናቸው።»

ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ወደዚህ መሮጥ ጀመሩ። ጀማለዲን ወደ እኔ ዞረ። እኔም ግራ ገብቶኛል። ፋናዬ ግን ሁሉን ታውቃለች። የማዕዘን ምት ምን እንደሆነ፣ ዳኛው ለምን እጁን እንዳነሣ፣ የሚጮኸው ሰውዬ የማን አሰልጣኝ እንደሆነ ነገረችን። በመሐል ተጫዋቾቹ ከሜዳ ሲወጡ ጀማለዲን ፊቱ ተለወጠ።

«አለቀ?»

«ዕረፍት ነው ጋሼ ጀማለዲን። ጎኑን ለውጠው ይገባሉ።»

«ስንት ለስንት ነን?»

«ምንም ለምንም።»

ጎበዜ እስከዚያ አልመጣም። ቶላ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ አምልጦ ነበር፤ ያየነው እኛ ብቻ ነን። ጀማለዲን የመንገዱን ጫፍ እያየ ጨዋታውን ረሳው። «ያን ሁለት ጊዜ ማን ይመልስልኛል» አለ፤ ለራሱ ነው የተናገረው።

ሁለተኛው አጋማሽ ሩብ ሰዓት ያህል ሲሄድ ጎበዜ ጫማውን ከጭቃ እየነቀለ መጣ። ሰላምታ ሳይሰጠን ከጎናችን ቆመ። «ሁለቱም አልረቡም» አለ። ስለሌሎቹ ልጆች ነው።

ያን ጊዜ ኳስ ለቶላ ደረሰው። ተከላካዩ ደንዳና ሰው ነው፤ ባለፈው እሑድም የያዘው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ቶላ ሲያልፈው ሰውየው እጁን ወደ ልጁ ወገብ ላከ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ኳሱን አላየሁም፤ እጁን ነው ያየሁት። ጣቶቹ ማሊያው ላይ ሄዱ፤ የሚጨብጡት ጨርቅ አጡና አየር ላይ ተዘጉ። ሰውየው በግንባሩ ጭቃው ላይ ወደቀ። ቶላ ብቻውን ወጣ፤ መታ፤ ኳሱ የጎሉን ብረት መትቶ ተመለሰ።

«ወይኔ» አለች ፋናዬ ቀስ ብላ።

«ጎል ነው?» አለ ጀማለዲን።

«አይደለም።»

ጎበዜ እጁን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከዘጠኝ ቁጥር አልነቀለም። ቶላ ሁለት ጊዜ ደግሞ አመለጠ። በሁለተኛው ራሱ አልመታም፤ ከመስመሩ ዳር ለጓደኛው ሰጠውና ጓደኛው አገባ። ፋናዬ የእኔን ክንድ ይዛ ነበር፤ እንደያዘችኝ ያወቀችው ቆይታ ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ጎበዜ ወደ ጀማለዲን ዞረ።

«ባለፈው እሑድ የት ነበር ይሄ ልጅ?»

«ዕቃው ያው ነው ጓድ ጎበዜ። ማሸጊያው ነበር ችግሩ።»

ማሊያውን እንዳጠበብኩት ቶላ ነግሮት ኖሯል። ጎበዜ ግን አልገባውም፤ አልጠየቀም። «ነገ ጠዋት ይምጣ። የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ተያዥ። ተያዡ ደመወዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ይሁን» ብሎ ጭቃውን እየረገጠ ሄደ።

ደብዳቤው ይገኛል። ፎቶውም ይገኛል። ሰው ሥራ ሲቀጠር ተያዥ ሆኖ የሚፈርም፣ ልጁ አንድ ነገር አጥፍቶ ቢጠፋ በሕግ የሚጠየቅለት ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም። ፋናዬ ፈቃድ የላትም። ጀማለዲንም የለውም፤ ለሱ ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አልነበረም። መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰው፣ ለአንድ ልጅ መፈረም አይችልም።

እኔ ፈቃድ ነበረኝ። ልብስ ሰፊ የሚል፣ በየዓመቱ የሚታደስ። ይህንንም ጀማለዲን ያውቃል። ግን ለማንም እንደማልፈርምም ያውቃል። ለወንድሜ ልጅ እምቢ ብዬ ወንድሜ ሁለት ዓመት አኩርፎኛል። ጀማለዲን አልጠየቀኝም። ወደ እኔም አላየም።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አልኩት።

«ሁለት ሰዓት።»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ጠብቁኝ።»

ፋናዬ ልትስመኝ ስትል ጃንጥላዬን በመሐላችን አደረግሁ።

በማግስቱ ከቶላና ከጀማለዲን ጋር ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ቶላ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጀማለዲን ኮት አድርጓል። የቅጥር ክፍሏ ጸሐፊ ወሰንየለሽ የምትባል፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ቅጹን ሰጠችኝ። ስሜን ጻፍኩ፤ አድራሻዬን ጻፍኩ፤ የፈቃድ ቁጥሬን ጻፍኩ። ቀጥሎ «ከተቀጣሪው ጋር ያለው ዝምድና» የሚል አለ። እዚያ ላይ ቆምኩ።

«አጎት ይበሉ» አለ ጀማለዲን ከኋላዬ።

«አንተ አይደለህ አጎቱ?»

«ሁለት አጎት ይኖረዋላ።»

ውሸት መጻፍ አልፈለግሁም። ጎረቤቱ አይደለሁም፤ አሠሪውም አይደለሁም። የማውቀው የደረቱን፣ የወገቡንና የትከሻውን ልክ ነው። «ልብስ ሰፊው» ብዬ ጻፍኩ።

ወሰንየለሽ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበች። «ይሄ ዝምድና ነው?»

«ነው» አልኳት።

እኔን አየች፤ ቶላን አየች፤ ጀማለዲንን አየች። ማኅተሙን አነሣችና መታችበት።

ቶላ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ጀማለዲን በየሳምንቱ በአንድ ምክንያት ፋብሪካው በር ላይ ብቅ ይል ነበር፤ አንድ ጊዜ ታኬታው ጠበበው ብሎ ከጎበዜ ጋር ተከራክሮ አስቀየረለት። ኳስ ግን አሁንም አይገባውም።

በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቶላ ወደ በረንዳዬ መጣ። አንገቱ ላይ ያለው ጠባሳ መደብዘዝ ጀምሯል። ከጋዜጣ ውስጥ አዲስ ሰማያዊ ማሊያ አወጣ፤ ቁጥሩ አሥራ ሰባት ነው።

«ፋብሪካው ልብስ ሰፊ የለውም?» አልኩት።

«አለው ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ማሊያውን አጥልቆ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ተልቆበታል። ጀማለዲን የአንድ ላንድሮቨር ካንዴላ በእጁ ይዞ መጥቶ አየው።

«ይሄ የቀበሌ አይደለም፤ ይቁረጡት ጋሼ» አለ።

ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ በመርፌ ያዝኩት።

«ለምን አይቆርጡትም?»

«ሸክም ትቷል» አልኩት። «ይወፍራል።»